ከጭነቱ ጀምሩ፦ የ300 ዋት ሰፊ ባንድ አርኤፍ አምፕሊፋየር እንዴት እንደምሠራ

ባለፈው ክረምት አንድ የኤሌክትሪካል ተማሪ ከኮምቦልቻ ሱቄ ድረስ መጣ። ደሴ ዝናቡ ሲወርድ ነበር የዋለው፤ ጫማውን በር ላይ አራግፎ ገባ። ከፌስታል ውስጥ አምስት የተቃጠሉ ትራንዚስተሮች አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈ። «ጋሼ፣ ፎርጅድ ሸጠውልኝ ነው» አለኝ። በቴስተር አየኋቸው። የአምስቱም ድሬን የሚባለው እግር ሶርስ ከሚባለው ጋር ሾርት አድርጓል። «አብሽር፣ እስቲ ቦርዱን አሳየኝ» አልኩት። ቦርዱን ሲያወጣው ነገሩ ገባኝ። ትራንዚስተሮቹ ፎርጅድ አልነበሩም። የገደላቸው ቀጥሎ የተቀመጠው ትራንስፎርመር ነው።

እኔም በዚያው መንገድ አልፌያለሁ። ሰኞ ገበያ አካባቢ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ስጠግን 26 ዓመት ሆነኝ። የአርኤፍ (የሬዲዮ ሞገድ) ኃይል ግን ዘግይቶ ነው የገባኝ። ብዙዎቻችን ንድፍ የምንጀምረው ከትራንዚስተሩ ነው። ስንት ዋት ይችላል? ስንት ብር ነው? ማን ያመጣልኛል? ሰፊ ባንድ ሲሆን ግን መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው። ትራንዚስተሩ ከፊቱ ስንት ኦም ጭነት፣ ማለትም ኃይሉን የሚቀበል ሬዚስታንስ፣ ያያል? ይህ ከተመለሰ ሌላው ሁሉ ተከትሎ ይመጣል። ይህ ካልተመለሰ ደግሞ አምስት አይደለም ሃምሳ ትራንዚስተር ይነዳል።

ሰፊ ባንድ ስል ከ1.8 እስከ 30 ሜጋኸርዝ ምንም ቁልፍ ሳይነካ እኩል የሚያጎላ ማለቴ ነው። ጠባብ ባንድ ቢሆን ኖሮ ኮይልና ቫሪያብል ካፓሲተር ይዞ ጭነቱን ለአንዷ ፍሪኩዌንሲ ማስማማት ይቻላል። እዚህ ግን ፍሪኩዌንሲው አራት ጊዜ ይታጠፋል፤ ከ1.8 ወደ 3.6፣ ወደ 7.2፣ ወደ 14.4፣ ወደ 28.8። በታችኛው ጫፍ የሚጠቅም ነገር በላይኛው ጫፍ ይጎዳል። ሥራው ሁሉ እነዚህን ሁለት ጫፎች ማስታረቅ ነው።

ሳንጀምር አንድ ነገር። አምፕሊፋየር መሥራትና አየር ላይ መልቀቅ ለየቅል ናቸው። ለመልቀቅ ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል። እዚህ የምነግራችሁ ሁሉ ዳሚ ሎድ (ኃይሉን አየር ላይ ሳይለቅ ወደ ሙቀት የሚቀይር የአንቴና ምትክ) ላይ የሚሠራ ነው። «በጦሳ ተራራ ተከልለናል፤ ማን ይሰማናል» እንዳትሉ። አጭር ሞገድ ወደ ሰማይ ወጥቶ ነው የሚመለሰው፤ ተራራ አያግደውም።

ሒሳቡ

ሁለት ትራንዚስተሮች እየተፈራረቁ የሚሠሩበትን አሠራር ፑሽ ፑል እንለዋለን። በፑሽ ፑል ከአንዱ ድሬን እስከ ሌላው ድሬን የሚያስፈልገው ጭነት በኦም እንዲህ ይገኛል፦

2 × ቮልት × ቮልት ÷ ዋት

ቮልቱ የፓወር ሰፕላዩ ሙሉ ቮልት አይደለም። ትራንዚስተሩ ሙሉ በሙሉ ሲከፈትም ጥቂት ቮልት እላዩ ላይ ይቀራል። እኔ ከ48 ላይ 3 ቀንሼ 45 እይዛለሁ። 45 በ45፣ እንደገና በ2 ሲባዛ 4050 ይሆናል። ለ300 ዋት ሲካፈል 13.5 ኦም። አንቴናውም ዳሚ ሎዱም 50 ኦም ነው። በቀላሉ የሚጠመጠሙት ትራንስፎርመሮች ኦሙን 1 ለ 4፣ 1 ለ 9 እና 1 ለ 16 የሚቀይሩት ናቸው። 50ን ለ4 ስናካፍል 12.5 ኦም እናገኛለን። 4050 ÷ 12.5 ደግሞ 324 ዋት ነው። ገጠመ ማለት ነው።

አሁን ወደ ልጁ ቦርድ እንመለስ። ትራንዚስተሮቹ የ50 ቮልት ናቸው። ፓወር ሰፕላዩም 48 ቮልት ነው። ትራንስፎርመሩን ግን ለ12 ቮልት ከተሠራ ፕላን ላይ ነበር የቀዳው፤ 1 ለ 16። ስለዚህ ከድሬን ድሬን ያለው ጭነት 3.1 ኦም ብቻ ነው። 4050ን ለ3.1 አካፍሉት። 1300 ዋት ገደማ ይመጣል። አቅማቸው እያንዳንዳቸው 300 ዋት የሆኑ ሁለት ትራንዚስተሮችን 1300 ዋት አምጡ እያላቸው ነበር። ይህን ወረቀት ላይ ስሠራለት ልጁ ዝም አለ። ከዚያ እስክሪብቶውን ተቀብሎኝ ራሱ ደግሞ ሠራው።

«ታዲያ በ12 ቮልት ባትሪ ለምን አንሠራውም?» የሚል ይኖራል። ይቻላል፤ ግን ከባድ ነው። በ13.8 ቮልት 100 ዋት ለማውጣት እንኳ 3 ኦም ያህል ጭነት ያስፈልጋል። አንድ ሴንቲሜትር ተራ ሽቦ 10 ናኖሄንሪ ገደማ ኢንዳክታንስ አለው። ያ በ30 ሜጋኸርዝ 1.9 ኦም ነው። ከ3 ኦም ውስጥ 1.9 ኦም ሽቦ ላይ ቀረ ማለት ምን ማለት እንደሆነ እናንተው አስቡት። በ12.5 ኦም ላይ ግን ያው ሽቦ ብዙ አይጎዳም። ከፍ ያለ ቮልት የምመርጠው ለዚህ ነው። በዚያም ላይ እግሮችን በሚሊሜትር ነው የምቆርጠው።

የ48 ቮልት ፓወር ሰፕላይ ከቴሌኮም ዕቃዎች ተርፎ ገበያ ላይ ይገኛል። 15 አምፔር ካለው ይበቃል። ከመግዛታችሁ በፊት ግን ፖዘቲቩ ከቆርቆሮው ጋር መገናኘት አለመገናኘቱን በቴስተር እዩ። የቴሌኮም ዕቃ ብዙ ጊዜ ፖዘቲቩን ነው መሬት የሚያደርገው። እኛ ደግሞ መሬት የምናደርገው ኔጌቲቩን ነው።

ትራንዚስተሩ

እኔ የምጠቀመው ኤምአርኤፍ300 ነው። ኤልዲሞስ የሚባለው ዓይነት ነው። 50 ቮልት ላይ 300 ዋት፣ እስከ 250 ሜጋኸርዝ። ኤኤን እና ቢኤን የሚባሉ ሁለት መልክ አለው። የአንዱ እግር የሌላው የመስታወት ምስል ነው። ለፑሽ ፑል አንድ ኤኤን አንድ ቢኤን ይዛችሁ ጎን ለጎን ስታስቀምጧቸው ቦርዱ ግራና ቀኙ እኩል ይሆናል። ከሁለቱ 600 ዋት መጠየቅ ይቻል ነበር። እኔ 300 ብቻ እጠይቃቸዋለሁ። መብራት ሲሄድ ሲመጣ፣ ቮልት ሲዋዥቅ፣ ፋን ሲቆሽሽ ያ ትርፍ ነው የሚያድናቸው።

ደሴ ገበያ ላይ አይገኝም። ለእኔ ዱባይ ያለች የእህቴ ልጅ ናት የምትልክልኝ። ሲመጣ ታዲያ ሳልፈትሽ አልበይደውም። ፎርጅዱ ብዙ ጊዜ የተለመደ የፓወር ሞስፌት ጽሑፉ ተፍቆ ሌላ የተጻፈበት ነው። ቅርጹ አንድ ነው። ልዩነቱ ጀርባው ላይ ነው። የተለመደው ሞስፌት ጀርባው ድሬን ነው፤ የእኛው ግን ሶርስ ነው። ቴስተሩን ዲዮድ ላይ አድርጉ። ቀዩን ጫፍ ጀርባው ላይ፣ ጥቁሩን የድሬኑ እግር መሆን ያለበት ላይ። ትክክለኛው ከሆነ ግማሽ ቮልት ገደማ ያሳያል። ካላሳየና ስትገለብጡት ካሳየ ድሬኑ ጀርባው ላይ ነው፤ መልሱት። ካፓሲታንስ የሚለካ ቴስተር ካላችሁ ደግሞ ከጌት (ትራንዚስተሩን ከሚከፍተውና ከሚዘጋው እግር) እስከ ሶርስ ለኩ። 400 ፒኮፋራድ ገደማ መሆን አለበት። በሺዎች ከሆነ ሌላ ዕቃ ነው።

ጀርባው ሶርስ መሆኑ ለእኛ በረከት ነው። ሶርስ መሬት ስለሆነ ሚካ ሳይገባበት ቀጥታ ብረቱ ላይ ይታሰራል።

ከድሮ ማሰራጫ ላይ ነቅላችሁ የምትጠቀሙ ካላችሁ አንድ ነገር አደራ። ነጭ ሴራሚክ ያላቸው የድሮ አርኤፍ ትራንዚስተሮችና ሬዚስተሮች ውስጥ ቤሪሊየም ኦክሳይድ ሊኖር ይችላል። አትሞርዱት፣ አትስበሩት፣ አትብሱት። ብናኙ ሳንባ ይጎዳል።

ትራንስፎርመሩ

እዚህ ላይ ቀስ እንበል፤ የአምፕሊፋየሩ ነፍስ ይህ ነው።

የመጀመሪያዬን ትራንስፎርመር የሠራሁት በተለመደው ዘዴ ነበር። ሁለት የነሐስ ቱቦ ፌራይት (ማግኔትን የሚሰበስብ እንደ ሸክላ ያለ ቁስ) ውስጥ አስገብቼ እሱን አንድ ዙር ፕራይመሪ አደረግኩት። በቱቦው ውስጥ ሁለት ዙር ሽቦ ለሰከንደሪ አሳለፍኩ። ኦሙ የሚቀየረው የዙሩ ምጥጥን በራሱ ተባዝቶ ስለሆነ 1 ለ 4 ሆነ። ማታ ነበር የሞከርኩት። በ7 ሜጋኸርዝ 280 ዋት ሰጠኝ። ደስ አለኝ። ወደ 1.8 አወረድኩት። ሜትሩ ቀስ እያለ መውረድ ጀመረ፤ 250፣ 220፣ 180። አቧራ የጋለ ብረት ላይ ሲነድ የሚሸተው ዓይነት ሽታ መጣ። እጄን ወደ ማብሪያው ስዘረጋ ጧ አለ። ፌራይቱ እንደ ሸክላ ድስት ከዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀ። ስብራቱን ነክቼው ጣቴን ለበለበኝ።

ለምን እንደሆነ ለማወቅ ሒሳቡን ከዚያ በኋላ ነው የሠራሁት። ፌራይቱ ውስጥ የሚመላለሰው ማግኔት በቴስላ እንዲህ ይሰላል፦

ቮልት ÷ (4.44 × ፍሪኩዌንሲ × ዙር × የፌራይቱ ስፋት)

300 ዋት 50 ኦም ላይ 122 ቮልት ነው። ሁለት ዙር፣ 1.8 ሜጋኸርዝ፣ 2.6 ካሬ ሴንቲሜትር ስፋት ስናስገባ 29 ሚሊቴስላ ይወጣል። የእኔ ጣሪያ አሁን በ1.8 ሜጋኸርዝ 10 ሚሊቴስላ ነው። ሦስት እጥፍ አልፌ ነበር። ፌራይት ሲግል ይባስ ብሎ ብክነቱ ይጨምራል። 43 የሚባለው ዓይነት 130 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ማግኔትነቱን ጭራሽ ያጣል። ያኔ ትራንዚስተሩ ከፊቱ ትራንስፎርመር የለውም፤ ባዶ ሽቦ ነው ያለው።

«ታዲያ ዙር እንጨምር» ትላላችሁ። ትክክል ነው፤ ግን ዙር ሲጨምር ሽቦው ይረዝማል፤ ከፌራይቱ የሚያመልጠውም ማግኔት ይበዛል። 1.8 ሲድን 30 ይሞታል። ያልኳችሁ ጠብ ይኸው ነው።

መፍትሔው ሽቦውን በኮአክሲያል ገመድ (መሀሉ ሽቦ፣ ዙሪያው መረብ የሆነ) መተካት ነው። ጉዋኔላ የሚባለው አጠማጠም ነው። ሁለት እኩል ገመዶች ትይዛላችሁ። በትራንዚስተሮቹ በኩል ሁለቱን በፓራለል፣ በውጤቱ በኩል በሲሪየስ ታገናኛላችሁ። እያንዳንዱ ገመድ 25 ኦም ከሆነ በፓራለል 12.5፣ በሲሪየስ 50 ይሆናል። ኃይሉ በገመዱ ውስጥ ነው የሚሄደው እንጂ በፌራይቱ ውስጥ አይደለም። የፌራይቱ ሥራ ከገመዱ ውጭ ሊሄድ የሚፈልገውን ጅረት መከልከል ብቻ ነው። እላዩ ላይ የሚያርፈው ቮልትም ከ122 ወደ 31 ገደማ ይወርዳል። ኤፍቲ240-43 የሚባለው ክብ ፌራይት ላይ አራት ዙር ብናደርግ 6 ሚሊቴስላ ብቻ ነው። 1.8 ሜጋኸርዝ ላይ ያለው ሪአክታንስም (ያን ጅረት የሚከለክልበት መጠን) 190 ኦም ገደማ ነው፤ ከሚያስፈልገው በላይ። 61 የተባለው ዓይነት ፌራይት ብክነቱ አነስ ያለ ነው፤ ግን ከአራት ዙር ወደ ስድስት ማሳደግ አለባችሁ።

25 ኦም ገመድ የትም አታገኙም፤ እኔም አላገኘሁም። ሁለት 50 ኦም ገመድ በፓራለል 25 ይሆናል። አርጂ316 የሚባለውን ቀጭን ቴፍሎን ገመድ እጠቀማለሁ። የዲሽ ገመድ እንዳትሞክሩ፤ 75 ኦም ነው፤ ውስጡ ያለው ፎምም ሲሞቅ ይቀልጣል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አራት ገመድ እያንዳንዱ 30 ሴንቲሜትር ቁረጡ። አንድ ላይ አስተካክላችሁ በአንድ ምት ቁረጡ፤ ርዝመታቸው መለያየት የለበትም። ጫፋቸውን 8 ሚሊሜትር ላጡ። መረቡን በመርፌ ፈትታችሁ ወደ አንድ ጎን ሰብስቡና ጠምዝዙት። ሁለት ሁለት አድርጋችሁ ጎን ለጎን አስተኟቸው፤ ውስጠኛው ከውስጠኛው፣ መረብ ከመረብ ይበየድ። ካውያው ትኩስ ይሁን፣ ግን ቶሎ ይነሳ። ቴፍሎኑ ይችላል፤ መረቡ ግን ብዙ ሲቆይ እርሳሱን እየመጠጠ ደረቅ እንጨት ይሆናል። ከዚያ እያንዳንዱን ጥንድ በየራሱ ፌራይት ላይ አራት ዙር ጠምጥሙ። ፌራይቱ ጠርዙ ስለታም ነው፤ መጀመሪያ የቴፍሎን ቴፕ ጠቅልሉበት፤ የቧንቧ ሠራተኞች የሚጠቀሙበት ነጩ ይበቃል።

ከዚህ የሚወጣው 50 ኦም ግራና ቀኙ እኩል ነው፤ አንደኛው ጫፍ መሬት አይደለም። ስለዚህ ከኋላው አንድ ባለ 50 ኦም ገመድ በሌላ ኤፍቲ240-43 ላይ ዘጠኝ ዙር ጠምጥማችሁ ጨምሩ። ባሉን ነው። ከእሱ ወዲያ መረቡን መሬት ማድረግ ትችላላችሁ።

ከድሬኖቹ ወደ ትራንስፎርመሩ ስትሄዱ ካፓሲተር መግባት አለበት፤ 48 ቮልቱ እንዳያልፍ። እዚያ ላይ 4.9 አምፔር አርኤፍ ይሄዳል። አንድ ካፓሲተር አይችለውም፤ ይፈነዳል። በእያንዳንዱ በኩል ሦስት ባለ 100 ናኖፋራድ 250 ቮልት ጎን ለጎን አድርጉ። 48 ቮልቱን ደግሞ ሁለት ሽቦ ተጎንጉኖ በተጠመጠመበት ቾክ (አርኤፍን የሚያግድ ጥምጥም) በኩል አስገቡ። ሁለቱ ጅረቶች ፌራይቱ ላይ ተቃራኒ ስለሚሆኑ ማግኔታቸው ይጣፋል።

ፌራይት ተሰባሪ ነው። አንድ ጊዜ የተጠናቀቀ አምፕሊፋየር ይዤ በሚኒባስ በሐረጎ ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ስደርስ አንዱ ክብ ለሁለት ሆኗል። አሁን በጋቢ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ ነው የማስቀምጠው።

መግቢያውና ባያሱ

በመግቢያው በኩል ያለው ችግር የጌቱ ካፓሲታንስ ነው። 400 ፒኮፋራድ በ1.8 ሜጋኸርዝ 220 ኦም ያህል ነው። በ30 ላይ 13 ኦም ብቻ ይሆናል። እንዲሁ ብንተወው ከታች ጮሆ ከላይ ይደክማል። ስለዚህ ጌቱን ሆን ብለን በትንሽ ሬዚስተር እንጭነዋለን። ከ50 ወደ 12.5 ኦም የሚያወርድ ትንሽ ትራንስፎርመር፣ ከዚያ ከእያንዳንዱ ጌት ወደ ባያሱ (ጌቱን በትንሹ ከፍቶ ወደሚይዘው ቮልት) 6.2 ኦም። የባያሱ ጫፍ በካፓሲተር መሬት ይሁን። ጌን (የማጉላቱ መጠን) ይቀንሳል፤ ግን ጠፍጣፋና የተረጋጋ ይሆናል። በእኔ ቦርድ ላይ ከ3 እስከ 5 ዋት አስገብቼ 300 አወጣለሁ። ከዚያ በላይ ጌን የፈለገ ሰው አንድ ቀን ኦሲሌት ያደርግበታል፤ ምንም ሳይገባ ራሱ ይጮኻል።

ባያሱ የሚስተካከለው በእያንዳንዱ ትራንዚስተር 100 ሚሊአምፔር እንዲያስኬድ ነው። ጌቱ 2.5 ቮልት አካባቢ ሲደርስ ነው መከፈት የሚጀምረው። ለየራሳቸው ባለ ብዙ ዙር ፖቴንሽዮሜትር ስጧቸው፤ ሁለት ትራንዚስተር አንድ ዓይነት አይመጣም። ኤልዲሞስ ሲሞቅ በዚያው ቮልት ብዙ ጅረት ይስባል። ስለዚህ አንድ ዲዮድ ከትራንዚስተሩ አጠገብ ብረቱ ላይ ለጥፉና በባያሱ መስመር ውስጥ አስገቡት። ብረቱ ሲሞቅ የዲዮዱ ቮልት በእያንዳንዱ ዲግሪ በ2 ሚሊቮልት ያህል ይወርዳል፤ ባያሱንም ይዞት ይወርዳል።

ሙቀትና የደሴ አየር

300 ዋት ለማውጣት 500 ዋት ያህል ይገባል። 200 ዋቱ ሙቀት ነው፤ ለእያንዳንዱ ትራንዚስተር 100። በውስጡና በጀርባው መካከል በየዋቱ 0.55 ዲግሪ ልዩነት አለ። ጀርባው 80 ዲግሪ ከሆነ ውስጡ 135 ነው። ጣሪያው 175 ነው። ስለዚህ ጀርባውን ከ80 በታች መያዝ ነው ሥራችን። ትራንዚስተሩን ቀጥታ አልሙኒየሙ ላይ አታድርጉ። መሀል 8 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የመዳብ ሳህን አስገቡ፤ መዳቡ ሙቀቱን ይዘረጋዋል።

ከውጭ የሚመጡ ፕላኖች የማይነግሯችሁ ነገር ይህ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው አምስት እጅ አራቱን ያህል ብቻ ይመዝናል። ፋን የሚገፋው የአየር መጠን ያው ነው፤ ተሸክሞ የሚወጣው ሙቀት ግን ያንሳል። ስለዚህ ፕላኑ ካለው ላይ ቢያንስ ሩብ ያህል የሚበልጥ ፋን ግዙ። «ደሴ ብርድ ናት» ብሎ መዘናጋት አለ። ብርዱ ይረዳል፤ ግን ያው ዕቃ ኮምቦልቻ ሲወርድ ብርዱ የለም። ኮምቦልቻ ከ1,800 ሜትር በላይ ናትና አየሯም እንደ ባሕር ዳርቻ ወፍራም አይደለም። እኔ የምሞክረው ለኮምቦልቻ ከሰዓት በኋላ ነው። ሳሳ ያለ አየር ብልጭታም ቶሎ ያሳልፋል። በቫሪያብል ካፓሲተር ሳህኖች መሀልም ሆነ በቦርድ መስመሮች መሀል ሰፋ ያለ ክፍተት ስጡ።

ማጣሪያው

ፑሽ ፑል ሁለተኛውን ሃርሞኒክ (የዋናው ፍሪኩዌንሲ ብዜት የሆነ ትርፍ ሞገድ) በደንብ ይቀንሳል። ሦስተኛው ግን ከዋናው በ12 ዴሲቤል ገደማ ብቻ ዝቅ ብሎ ይወጣል። ያ ከ300 ዋት ላይ 19 ዋት ነው፤ የሌላ ሰው ባንድ ላይ የሚያርፍ። ለእያንዳንዱ ባንድ የራሱ ማጣሪያ ግድ ነው። ለ7 ሜጋኸርዝ የምሠራው ይኸውላችሁ፦ ካፓሲተር 430 ፒኮፋራድ ወደ መሬት፣ ኮይል 1.3 ማይክሮሄንሪ፣ ካፓሲተር 740፣ እንደገና ኮይል 1.3፣ ካፓሲተር 430። 740ውን 470 እና 270 ጎን ለጎን አድርጋችሁ ታገኙታላችሁ። ኮይሉ ቲ130-2 በሚባለው የብረት ዱቄት ክብ ላይ 11 ዙር ነው። ካፓሲተሮቹ ባለ 1000 ቮልት ሚካ ይሁኑ። ይህ በ21 ሜጋኸርዝ ላይ 45 ዴሲቤል ገደማ ይቆርጣል። ከ12ቱ ጋር ሲደመር ከተለመደው የ50 ዴሲቤል ገደብ ያልፋል። ለሌላ ባንድ ቁጥሮቹን በፍሪኩዌንሲው ልክ አካፍሉ ወይም አባዙ።

ማብራት

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማችን ሲገባ ሱቄ ባዶ ቀረ። ኦሲሎስኮፔም ሄደ። ከዚያ ወዲህ የምለካው በሠራኋቸው ነገሮች ነው፤ እናንተም ትችላላችሁ።

ዳሚ ሎዱ የቀለም ጣሳ ነው፤ ባለ 4 ሊትር። ውስጡ አርባ ባለ 2 ኪሎኦም 3 ዋት ሬዚስተር በፓራለል። 2000 ለ40 ሲካፈል 50። የሽቦ ጥምጥም ሬዚስተር አይሆንም። የትራንስፎርመር ዘይት ሙሉት። 300 ዋት ዘይቱን በየደቂቃው 3 ዲግሪ ያህል ያሞቀዋል። ሁለት ደቂቃ ሥሩ፣ አሳርፉ። ኃይሉን ለመለካት አሥር ባለ 220 ኦም 2 ዋት ሬዚስተር በሲሪየስ ከዳሚ ሎዱ ጎን አስቀምጡ። የመጨረሻዋ ላይ ያለውን ቮልት በ1ኤን4148 ዲዮድና በትንሽ ካፓሲተር ወደ ቴስተር አስገቡ። ባነበባችሁት ላይ 0.6 ጨምሩ፣ በ10 አባዙ፣ በራሱ አባዙት፣ ለ100 አካፍሉ። 16.7 ቮልት ካነበባችሁ 300 ዋት ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ስታበሩ በ48 ቮልቱ መስመር ላይ ሁለት የአይሱዙ የፊት አምፖል በሲሪየስ አስገቡ። እያንዳንዱ 24 ቮልት ስለሆነ ሁለቱ 48 ይችላሉ። የሆነ ነገር ሾርት ካለ አምፖሉ ይበራል፤ ትራንዚስተሩ ይተርፋል። ባያሱን ከዜሮ ጀምራችሁ አንድ በአንድ ወደ 100 ሚሊአምፔር አድርሱ። ምንም ሳታስገቡ ጅረቱ ራሱ ከጨመረ ወይም አጠገባችሁ ያለ ሬዲዮ ማፏጨት ከጀመረ ኦሲሌሽን ነው። አጥፉ፤ የጌቱን ሬዚስተርና የመሬቱን ሽቦ አሳጥሩ።

ከዚያ አምፖሎቹን አውጡና በ24 ቮልት ሞክሩ። ወደ 70 ዋት መስጠት አለበት፤ በቀመሩ 2 × 21 × 21 ÷ 12.5 ነው። በዚህ ቮልት በ1.8፣ 3.5፣ 7፣ 14፣ 21 እና 28 ላይ ለኩ። በየአንዳንዱ ሁለት ደቂቃ አቆዩና አጥፍታችሁ ፌራይቶቹን በጣት ንኩ። ሳታጠፉ እንዳትነኩ፤ አርኤፍ ቆዳን ከውስጥ ነው የሚያቃጥለው። ጣት የማያስቆይ ፌራይት ካለ ወደ 48 አትሂዱ። በላይኛው ጫፍ ላይ ኃይሉ ከወረደ ከድሬን እስከ ድሬን 100 ፒኮፋራድ ገደማ ጨምራችሁ ሞክሩ፤ ብዙ ጊዜ ይመልሰዋል።

ልጁ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሶ መጣ። አዲሱን 1 ለ 4 ራሱ ነበር የጠመጠመው። እናቴ ቡና አፍልታ ነበር። አቦሉን ጠጥተን 24 ቮልት ላይ አደረግነው፤ በረካው ሲቀርብ 48 ላይ ነበርን። 1.8 ላይ 305፣ 28 ላይ 270 ዋት። ፌራይቱን ነካው፤ ለብ ብሏል። የለካቸውን ስድስት ቁጥሮች በወረቀት ጻፍንና በክዳኑ ውስጠኛ በኩል ለጠፍነው። እናንተም እንደዚያው አድርጉ። በኋላ አንዱ ቁጥር ሲወርድ የትኛው ጫፍ እንደታመመ የሚነግራችሁ ያ ወረቀት ነው።